ንቡ ኮበለለ፦ የፀረ ተባይ መድኃኒትና የንብ ማሽተት በኢትዮጵያ

በኮልፌ 18 ማዞሪያ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ



ንብ አናቢ ቀፎውን ባዶ ሆኖ ሲያገኘው «ንቡ ኮበለለ» ይላል። ኮበለለ የምንለው ከቤቱ ወጥቶ ለጠፋ ልጅ ነው፤ የሄደው በፈቃዱ እንደሄደ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። የአገራችን ንብ አበባ ሲጠፋ፣ ጉንዳን ሲወርረው ወይም ሲረበሽ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። ነገር ግን ላለፉት ስድሳና ሰባ ዓመታት ኮበለሉ ከተባሉት ንቦች መካከል መንገድ የጠፋባቸው አልነበሩምን? ዛሬ ይህን የማነሣው ቁጥር ለማውጣት አይደለም። ስለ ንብ ሞት ያለን ማስረጃ እንዴት እንደ ተሰበሰበ ለመመርመር ነው።

ንብ በጠረን እንደሚመራ ለማወቅ አባቶቻችን ቤተ ሙከራ አላስፈለጋቸውም። አዲስ ቀፎ ዛፍ ላይ ከመሰቀሉ በፊት በወይራና በጥንጁት ይታጠናል፤ ጢሱ ቀፎውን ያጸዳል፣ ጠረኑም መንጋውን ይጠራል ተብሎ ይታመናል። ለቤተ መንግሥቱ ጠጅ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ የሚሆነው ማርና ሰም የተገኘው በዚህ ዕውቀት ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ ቋንቋችን የንቦቹን እናት «አውራ» ብሎ በወንድ ስም ይጠራታል። ንቦቹ ግን በስም አይሳሳቱም፤ መኖሯንም መጥፋቷንም የሚያውቁት በጠረኗ ነው።

ዘመናዊው ሳይንስ ወደዚህ ዕውቀት በሌላ በር ገባ። ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ ንቦችን ከአንድ ሽታ ጋር ስኳር እያቀረበ አሠለጠነ፤ ስለ እንስሳት ጠባይ ባደረገው ምርምርም እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ጃፓናዊው ታኬዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ንቧን በማሰሪያ ይዞ ሽታና ስኳር ማለማመድ እንደሚቻል አሳየ። ሽታው በአንቴናዋ በኩል ሲያልፍ ስኳር ይቀርብላታል፤ ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ሽታው ብቻውን ምላሷን ያስዘረጋታል። ይህ ቀላል ሙከራ ንብ ምን እንደሸተተች፣ ምን እንደተማረችና ምን እንደረሳች ለመለካት ያስችላል። የንብ የዘር ቅንብር እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ሲሆን 170 ያህል የሽታ ተቀባይ ዘረ መሎች ተገኙ፤ ለጣዕም የተገኙት ግን 10 ብቻ ነበሩ። ንብ በዓለም ውስጥ መንገዷን የምትፈልገው በአብዛኛው በምን እንደሆነ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልለፍ። ሕዝባችን ፀረ ተባይን «መድኃኒት» ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በብዙ ቤት መጀመሪያ የገባው ወባን ለመከላከል ነውና። ዲዲቲ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቤት ግድግዳ ላይ ይረጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ተቋቋመ። የአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎችም የፀረ ተባይ ዋና ተጠቃሚዎች ሆኑ። በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ካለፈበት መርዝ ውስጥ ከ1,000 ቶን በላይ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ተሰብስቦ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተጭኗል፤ ከዚህ በመነሣት የተረጨውን መገመት ይቻላል።

ሕጉ የመጣው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ልዩ ድንጋጌ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት አዋጆች ተከታትለው ወጡ፤ ቁጥር 660 ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ፣ ቁጥር 674 ስለ ፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር። ነገር ግን በዓለም ዙሪያ ለምዝገባ ሲባል አንድ ኬሚካል ለንብ ያለው አደገኝነት ለረጅም ጊዜ የተለካው በአንድ ዋና ሚዛን ነው፤ እርሱም ከተሞከሩት ንቦች ግማሾቹን የሚገድለው መጠን ነው። ያልሞተችው ንብ እንደ ጤነኛ ተቆጠረች።

የሚዛኑ ጉድለት ፈረንሳይ ውስጥ ገሃድ ወጣ። ኢሚዳክሎፕሪድ የተባለው ፀረ ተባይ በሱፍ ዘር ላይ መለበጥ ከጀመረ በኋላ፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ንብ አናቢዎች አንድ አቤቱታ አሰሙ፤ ንቦቻችን ወጥተው አልተመለሱም አሉ። የእኛ ሰው ቢሆን «ኮበለሉ» ባለ ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ መድኃኒቱ ለሱፍ ዘር እንዳይውል እ.ኤ.አ. በ1999 ታገደ።

ምክንያቱ ከነርቭ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። በንብ አንጎል ውስጥ የሽታን መልእክት ከነርቭ ወደ ነርቭ ከሚያሻግሩት ዋነኛው አሴቲልኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ኢሚዳክሎፕሪድ እርሱን መስሎ ተቀባዩን ይይዛል። ማላታይንና ክሎርፓይሪፎስ ደግሞ አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያስራሉ፤ መልእክቱ ከደረሰ በኋላም አይጠፋም፣ በቀጣዩ ላይ ይደራረባል። እ.ኤ.አ. በ2013 የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በንብ አንጎል ውስጥ ሽታና ትውስታ የሚገናኙበት ክፍል ሕዋሳት በኢሚዳክሎፕሪድ መጀመሪያ ሲነቃቁ፣ ከዚያም ሥራ ሲያቆሙ ተመለከቱ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ከኒው ዚላንድ የወጣው ጥናት ነው። በዚያ ክሎርፓይሪፎስ ከሚገድለው መጠን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ በማይሞላ መጠን የንብን የሽታ ትምህርትና ትውስታ አወከ፤ ይህን የሚያህል መጠንም ከመስክ በተያዙ ንቦች ገላ ላይ ተገኝቷል።

ይህ ለምን ለእኛ ይቀርባል? በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ አገራችንን ሲወርር ከአውሮፕላንና ከምድር ከተረጩት መካከል ማላታይንና ክሎርፓይሪፎስ ነበሩ። በመስከረምና በጥቅምት 2013 መንጋው በራያና በሰሜን ወሎ በደረሰው ማሽላና ጤፍ ላይ ሰፈረ። ወቅቱ አደይ አበባና ኑግ የሚያብቡበት፣ ንብም ማሩን የሚሞላበት ነው። በጅራፍና በጩኸት ሰብሉን ሲያድን የነበረው ገበሬ ፊት ቆሜ «ለምን ተረጨ?» አልልም፤ ረኀብ ደጃፉ ላይ ነበር። ጎረቤታችን ሶማሊያ ግን በዚያው ወረራ አንበጣን ለይቶ የሚያጠቃ ሻጋታን በስፋት ተጠቅማለች፤ ስለዚህ ምርጫ አልነበረም ማለትም አይቻልም።

ለታሪክ ተማሪው የሚያሳስበው ቀጥሎ ያለው ነው። የርጭቱ መዝገብ በግብርናው በኩል፣ ዓመታዊው የእንስሳት ናሙና ጥናት በስታቲስቲክሱ መሥሪያ ቤት በኩል ይያዛል። ናሙና ጥናቱ የሚቆጥረው ቀፎን ነው። ሬሳው ደጃፍ ላይ የተከመረ ንብ ምስክር ያገኛል፤ መንገድ ጠፍቶት ሜዳ ላይ የቀረው ግን «ኮበለለ» ተብሎ ከመርዙ ዝርዝር ይወጣል። ሁለቱን መዛግብት በወረዳና በሳምንት አጋጥሞ ማንበብ፣ ንብ አናቢዎችንም «ስንት ሞተ?» ብቻ ሳይሆን «በየትኛው ሳምንት ጠፋ? ያን ጊዜ ምን ያብብ ነበር? ቀፎው ውስጥ ማር ቀርቶ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ በረኀብ የኮበለለ ንብ ማር ትቶ አይሄድም።

እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የንብ ምርምር ማዕከል የሚገኘው ሆለታ ነው፤ ከዚህ ከ18 ማዞሪያ በዊንጌት፣ በአስኮና በቡራዩ አድርጎ የሚሄደው መንገድ ያደርሳል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ካለ ከዚያ ይጀምር። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።