ፖድፋክ፦ ከዲግሪው በፊት የነበረው ዓመት

በየመጽሔቱ የሕይወት ታሪክ ገጽ ላይ «ወደ ሶቭየት ኅብረት ሄዶ በምህንድስና ማስተርሱን ይዞ ተመለሰ» የሚል መስመር እናነባለን። የሄደበት ዓመት አለ፣ የተመለሰበት ዓመት አለ። ሒሳቡን ለሠራው ግን አንድ ዓመት ይተርፋል። ያ ትርፍ ዓመት ፖድፋክ ነው። እኛ በዚያ ያለፍነው ስንገናኝ ከዲግሪው ይልቅ የምናወራው እሱን ነው።

ፖድፋክ በሩስኛ የመሰናዶ ፋኩልቲ ማለት ነው፣ ሲያጥር። ከአብዮቱ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ለትምህርት ወደ ሶሻሊስት አገሮች ሲላኩ፣ ሕክምናም ይሁን ግብርና ሊማር የሄደው አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚቀመጠው የቋንቋ ክፍል ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የተመሠረተው፣ ሁላችንም ሉሙምባ የምንለው የሞስኮው ዩኒቨርሲቲ የራሱ መሰናዶ ነበረው። ኪየቭና ቮሮኔዥም እንደዚሁ። ምሥራቅ ጀርመን የደረሳቸው ደግሞ ላይፕዚግ፣ ኸርደር ኢንስቲትዩት ገብተው ጀርመንኛ ይቆጥሩ ነበር።

ከኛ ግቢ የሄደው ተማሪ በማትሪክ ያለፈ፣ በእንግሊዝኛ ሌክቸር የተማረ፣ ብዙውን ጊዜም ከባቹ የተመረጠ ነው። እንግሊዝኛው ግን ጎዳናው ላይ ምንም አልጠቀመም። እንዲያውም ያሳስት ነበር። ፊደሉ ግማሹ የሚታወቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የእንግሊዝኛውን «ፒ» የሚመስለው «ር» ነው፣ «ኤች» የሚመስለው «ን» ነው፣ «ሲ» የሚመስለው «ስ» ነው። ስለዚህ «ሬስቶራን» የሚለውን ታፔላ አዲስ የደረሰ ሰው «ፔክቶፓህ» ብሎ ያነበዋል። ይህ ቀልድ የኛ ብቻ አይደለም፤ ከየትም የመጣ ተማሪ ይቀልደዋል። «ማጋዚን» የሚለውን ግን እኛ በራሳችን መንገድ ነው የምንሰማው፦ መጋዘን። ዳቦ መግዣ ሱቅ በር ላይ ቆሞ «መጋዘን ውስጥ ምን አስገባኝ» የሚል ሐበሻ መገመት ነው። ቅጽ ሲሞላ ደግሞ «ፋሚሊያ» ይባላል፤ ስለ ቤተሰብ የተጠየቀ እየመሰለው ስንት እኅት ወንድም እንዳለው ማሰላሰል ይጀምራል። የሚፈለገው የቤተሰብ መጠሪያ ስም ነበር። እኛ ደግሞ የለንም! ያኔ አያት ለዚህ ሥራ ይታጫሉ። ተማሪው በማያውቃቸው አያቱ ስም ሲጠራ ለመዞር ሳምንታት ይወስድበታል።

የትምህርቱ ዘዴ ጨከን ያለ ነበር። መምህሯ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሩስኛ ብቻ ታስተምራለች። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ጥቂት ነን፣ አንዱ ከቬትናም፣ አንዱ ከአንጎላ፣ አንዷ ከየመን። የጋራ ቋንቋችን ያ ገና ያልያዝነው ሩስኛ ራሱ ነው። ሳምንታቱ በድምፅ ልምምድ ያልቃሉ። እዚህ ላይ አማርኛ ባለውለታችን ነው፤ ዥ፣ ሽ፣ ች ከእናታችን ጋር የመጡ ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪውን የምታስጨንቀው ወፍራም አናባቢም ከሳድሱ «እ» ብዙ አትርቅም። የለሰለሱት ፊደላት ግን አስቸገሩ። «ኡጎል» መጨረሻው ጠንከር ሲል ማዕዘን ነው፣ ለስለስ ሲል ከሰል። የወደፊት መሐንዲስ ይህን ቢያደባልቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። ግሱስ? አማርኛ «ሄድኩ» ብሎ ይገላገላል። ሩስኛ በእግር ነው በተሽከርካሪ፣ አንዴ ነው ዘወትር ብሎ ይጠይቃል። ሞስኮ ሄድኩ ለማለት የእግሩን ግስ የተጠቀመ ሰው አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ከቮሮኔዥ በእግሩ መጣ ማለት ነው።

ከሁሉ የከበደው ሕመም ነበር። አማርኛ ለሕመም ሀብታም ነው፦ ይፈልጠኛል፣ ይወጋኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ያቃጥለኛል። ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ይህ ሁሉ «ያመኛል» በምትል አንዲት ግስና ቦታውን በሚያሳይ ጣት ይተካል። ሃያ ምናምን ዓመቱ የሆነ፣ አገሩ ላይ ክርክር የሚያሸንፍ ሰው፣ እንደ ሕፃን እየጠቆመ ይናገራል። ነባሮቹ ተማሪዎች ባይኖሩ ምን እንሆን ነበር? ካፖርትና ሻፕካ የሚያስገዙን፣ ክሊኒክ አብረውን የሚገቡት እነሱ ነበሩ። በሌላ በኩል ዶርም ውስጥ ከነሱ ጋር በአማርኛ ያመሸ ሰው ሩስኛው ይዘገይበታል። ሁለቱም እውነት ነው፤ እኔ ግን በመጀመሪያው ክረምት አማርኛውን የመረጡትን አልወቅስም።

ከዚያ ወራት አልፈው ሒሳብና ፊዚክስ በሩስኛ ይጀመራል። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የኢንተግራል ምልክት ይጽፋሉ። እሱ የትም አገር ያው ነው። ወራት ሙሉ አፉ ተይዞ የነበረው ልጅ ተነሥቶ ጠመኔውን ይቀበላል፣ ይሠራዋል፣ ይቀመጣል። አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ክፍሉ በሌላ ዓይን ያየዋል፤ እሱም ራሱን።

ይህ ዕድል ለቀደሙት አልነበረም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ከዓድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ ሲሄዱ የሚጠብቃቸው ፖድፋክ አልነበረም። ቋንቋውን የያዙት እዚያው ሰው መካከል እየኖሩ ነው፣ ከዚያም የመድፈኛ ትምህርት ቤት ገቡ። በዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመውን የሕይወት ታሪካቸውን ያላነበበ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

1983 ዓ.ም. ሲመጣ አገሩም ዘመኑም ተለወጠ፣ ሩስኛ የሚጠይቅ የሥራ ማስታወቂያም ብርቅ ሆነ። ዛሬ ደግሞ ወጣት መምህራኖቻችን ወደ ቱርክና ቻይና ሲሄዱ ብዙዎቹ ያው የቋንቋ ዓመት ይጠብቃቸዋል። «የባከነ ዓመት» ሲሉት ሰምቻለሁ። አልስማማም።

ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በእርግጥ በጋንኪን የተዘጋጁ የሩስኛ–አማርኛና የአማርኛ–ሩስኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1965ና በ1969 ሞስኮ ታትመው ነበር። እኛ ዘንድ ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ደብተር ይሠራ ነበር፤ በግራ ሩስኛው፣ በመሐል አነባበቡ በፊደላችን፣ በቀኝ አማርኛው። እነዚህ ደብተሮች በየቤታችን ሣጥን ውስጥ አሉ። ለቤተ መጻሕፍቱ እንስጣቸው። የኔን ሰሞኑን ገለጥ ገለጥ አድርጌ ነበር። የኅዳር ገጾች ሦስቱም ዓምድ ጢም ብለው ሞልተዋል። ወደ ግንቦት ሲደርስ የመሐሉ ዓምድ ይጠፋል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ አማርኛ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ፣ በዚያው በኔ እጅ፣ የተጻፈው ሌላ ሩስኛ ነው።