ፈቃድና ይሁንታ፦ ከላሙ ወደብ እስከ ቡቲዬ

የሞያሌዋ ቡቲዬ ከባሕር እጅግ ብትርቅም የላሙ ወደብ ጉዳይ ይመለከታታል፤ ወደቡን ከኢትዮጵያ የሚያገናኘው የላፕሴት መተላለፊያ በሞያሌ በኩል ነውና። እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 2012 ሙዋይ ኪባኪ፣ መለስ ዜናዊና ሳልቫ ኪር ግንባታውን በላሙ ሲያስጀምሩ የመንግሥታቱ ፈቃድ ነበረበት፤ ዓሣ አጥማጆቹ ግን በቅጡ አልተጠየቁም። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 የሕዝብ ተሳትፎው መጓደሉን አረጋግጦ ለ4,600 ያህል ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን ሽልንግ እንዲከፈል ወሰነ።

የቢሮ አማርኛ «ፈቃድ»ንና «ይሁንታ»ን ያቀላቅላል። የግእዙ «ፈቀደ» መሻት ነበር፤ ዛሬ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሆኗል። «ይሁንታ» ግን፣ «ይሁን» ከሚለው ትእዛዝ አንቀጽ የወጣ በመሆኑ፣ ተናጋሪ አፍ ይሻል። የኬንያ የ2016 የማኅበረሰብ መሬት ሕግ በማኅበረሰብ መሬት ላይ ለሚደረግ የኢንቨስትመንት ውል የአዋቂ አባላትን ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ይጠይቃል፤ የቦረና አርብቶ አደር የሚጠየቀው ከሁለቱ በየትኛው ቃል አቻ ነው?