የሚሸጥ ግድግዳ፣ የማይሸጥ መሬት

ሰፈራችን ውስጥ ቤት ሊሸጥ ሲል ከወሬው በፊት የቀለሙ ሽታ ይደርሰናል፡፡ ስንት ክረምት ሲያፈስ የኖረው ቆርቆሮ ይቀየራል፣ የተሰነጠቀው የጭቃ ግድግዳ ይለሰናል፣ የተንጋደደው በር ይቃናል፡፡ ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ ካለቀ በኋላ ደላላው ይመጣና ቀለሙን ዞር ብሎ እንኳን ሳያይ «ካርታ አለው?» ይላል፡፡

ለመሆኑ የምንሸጠው ምኑን ነው? መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን፡፡

በአፄ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት በአዲስ አበባ ቦታን በግል መያዝና መሸጥ ተፈቀደ፡፡ ከዚያ ወዲህ ባለርስቱ ሲሸጥ ቤቱንም መሬቱንም ይሸጥ ነበር፡፡ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣና የከተማ መሬት በሙሉ ያለ ካሳ የመንግሥት ሆነ፡፡ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ «ትርፍ» የተባለው ተወረሰ፡፡ የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ሄደ፡፡ ኪራይ ቀነሰ፤ ተከራይ እፎይ ሲል አከራይ አለቀሰ፡፡

ደርግ ወደቀ፣ የመሬቱ ነገር ግን እንደነበረ ቀጠለ፡፡ በ1986 ዓ.ም. ሊዝ መጣ፡፡ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ፤ በላዩ የገነቡትን መሸጥ ግን ፈቀደ፡፡ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ እንዲይዘው ደነገገ፡፡ እንግዲህ በወረቀት የሚሸጠው ጭቃና ቆርቆሮ ነው ማለት ነው፡፡ ለጭቃና ለቆርቆሮ ሚሊዮን የሚከፍል ሞኝ ግን የለም፡፡ ሻጭም ገዢም ደላላም የሚከራከሩት በቦታው ዋጋ መሆኑን ያውቁታል፤ ውሉ ላይ ብቻ አይጽፉትም፡፡

ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ዋናው ቤት ለባለቤቱ ቀርቶ ሰርቪሱ የቀበሌ የሆነበትን ግቢ ስንቱን አየን! እንዲህ ያለ ግቢ ሊሸጥ ሲል ቀቢው ሰርቪሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፡፡ እዚያ ያሉት እማማ የሚሸጡት ነገር የላቸውም፤ ዕድሜ ልካቸውን ኪራይ ከፍለዋል፡፡ ገዢው ማን ይሆን የሚለው ጭንቀት ግን ከሁሉም በላይ የእሳቸው ነው፡፡