ፓውንድና ኪሎግራም

በ1834 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ፓርላማ የሚሰበሰብበት ታላቅ ሕንፃ በሎንዶን ከተማ ተቃጠለ። የእሳቱም መነሻ የሚያስገርም ነው። በጥንት ዘመን የመንግሥቱ ገንዘብ ቤት የከፈለውንና ያልከፈለውን ሰው የሚለየው በእንጨት ላይ ምልክት በመፈልፈል ነበረ። ልማዱ ከቀረ በኋላ የተከማቸው የሒሳብ እንጨት ያለ ጥቅም ቦታ ስለ ያዘ፣ በምድጃ ገብቶ እንዲነድ ታዘዘ። ምድጃው ከሚችለው በላይ ስለ ጎረሰ የጭስ መውጫው ግሎ ቤቱን አያያዘው። በዚያ ሌሊት ከጠፉት ነገሮች አንዱ በ1758 የተሠራው፣ የአገሩ ሚዛን ሁሉ የሚመሳከርበት የነሐስ ፓውንድ ነው። የሒሳብ መዝገብ የሒሳብን ሚዛን አቃጠለ ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም።

ፓውንድ የሚለው ስም ከሮማውያን ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ክብደቱም ሊብራ ይሉት ከነበረው የተወረሰ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ማርያም የወሰደችው የናርዶስ ሽቱ መጠን በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ፓውንድ ሲባል፣ በእኛው ንጥር ይባላል፤ የግሪኩ ቃል ሊትራ ነው። ሚዛን ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ስሙም ክብደቱም ጥቂት በጥቂት እየተለወጠ እንደ ሄደ ከዚህ ይታያል።

ከቃጠሎው ዐሥር ዓመት አስቀድሞ የወጣው ሕግ፣ ፓውንዱ ቢጠፋ በተወሰነ መጠን ውሃ ክብደት ተለክቶ እንደገና እንዲሠራ ያዝዝ ነበረ። ይሁን እንጂ ነገሩን እንዲመረምሩ የተሾሙት ሊቃውንት የውሃው መንገድ የሚፈለገውን ያህል ትክክል አይሆንም ብለው ተዉት፤ ከእሳቱ ውጭ የነበሩትን ቅጂዎች እያመሳከሩም አዲሱን ፓውንድ ከፕላቲን አሠሩ። በ1855 በሕግ ጸና።

በዚህ መካከል ፈረንሳዮች በ1799 ኪሎግራምን ከፕላቲን ሠርተው አቁመው ነበረ። በ1875 ዐሥራ ሰባት መንግሥታት በፓሪስ ስለ ሜትር ውል ተፈራረሙ፤ በ1889ም ከፕላቲንና ከኢሪዲየም የተሠራው ኪሎግራም በሴቭር የሁሉ መመሳከሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ፓውንድ ራሱን ችሎ መቆም አልቻለም። አሜሪካውያን በ1893 ፓውንዳቸውን በኪሎግራም ለመወሰን ተገደዱ፤ በ1959ም እንግሊዝ፣ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ተስማምተው አንዱ ፓውንድ በትክክል 0.45359237 ኪሎግራም ነው አሉ። እንግዲህ ፓውንድ የሚመዝን ሁሉ ሳያውቀው በኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። የሴቭሩም ብረት በተራው በ2019 ከሥልጣኑ ወርዶ፣ ኪሎግራም ፕላንክ በሚባለው የተፈጥሮ ቁጥር ተወስኗል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ቡናችን በአገር ውስጥ በፈረሱላ፣ ይኸውም በ17 ኪሎ ሲሸጥ፣ የኒውዮርክ ገበያ ግን ዋጋውን የሚያወጣው በፓውንድ ይህን ያህል ሳንቲም እያለ ነው። አንድ ፈረሱላ 37 ፓውንድ ተኩል ያህል ይሆናል።

ለነጋዴ እንግዲህ ማባዛትና ማካፈል ይበቃዋል። ለመሐንዲስ ግን ሌላ ችግር አለበት፤ ሰው ፓውንድ ሲል አንዳንድ ጊዜ የዕቃውን መጠን፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዕቃው ወደ መሬት የሚጫንበትን ኃይል ይናገራልና። ኪሎግራምም ከዚህ ነቀፋ ነፃ አልነበረም። አንድ ኪሎ ጤፍ ወደ ጨረቃ ቢወሰድ ያው ጤፍ ነው፤ የሚጫንበት ኃይል ግን ወደ ስድስተኛ እጅ ያህል ይወርዳል። በ1901 የተሰበሰበው የሚዛን ጉባኤ ኪሎግራም የዕቃ መጠን እንጂ የኃይል መለኪያ አለመሆኑን አስታወቀ፤ በ1948ም የኃይል መለኪያው በታላቁ ሊቅ ስም ኒውተን ተባለ። የኃይል ፓውንድ 4.448 ኒውተን ያህል ነው። ይህ ቁጥር ወደ ኋላ ይመለስብናል።

ስም አለመለየት ምን እንደሚያስከትል በካናዳ በጁላይ 23 ቀን 1983 ታየ። ከሞንትሪያል ወደ ኤድመንተን ሊሄድ የተዘጋጀ ቦይንግ 767 የነዳጅ መቍጠሪያው ስለ ተበላሸ፣ በጋኑ ውስጥ ያለው ነዳጅ በዘንግ ተለካ፤ 7,682 ሊትር ተገኘ። ለጕዞው የሚያስፈልገው 22,300 ኪሎግራም ነው። አውሮፕላኑ በኪሎግራም የሚሠራ ለኩባንያው አዲስ ዓይነት ሲሆን፣ በነዳጅ ቀጂው ወረቀት ላይ የነበረው ማባዣ ግን 1.77 ነው፤ ይህም የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት በፓውንድ እንጂ በኪሎ አይደለም። በኪሎ ቢሆን 0.8 ያህል በሆነ ነበረ። ሲባዛ 13,597 መጣ፤ ኪሎ ነው ተብሎም ተቈጠረ። ስለዚህ 20,000 ሊትር ያህል መጨመር ሲገባ 4,916 ሊትር ብቻ ተጨመረ። በኦታዋ ሲያርፉ እንደገና ተለካ፤ በዚያው በ1.77 እንደገና ተባዛ። ማንም የማባዛት ስሕተት እንዳልሠራ አንባቢ ልብ ይበል። ስሌቱ ልክ ነበረ፤ የጐደለው ከቁጥሩ ኋላ የሚጻፈው አንድ ቃል ነው።

በአየር ላይ ሳለ ሁለቱም ሞተሮች ተራ በተራ ጠፉ። በውስጡ 69 ነፍስ ነበረ። አዛዡ ሮበርት ፒርሰን ሞተር የሌለውን አውሮፕላን በነፋስ ማንሳፈፍ የለመደ ሰው ስለ ነበረ፣ ረዳቱ ሞሪስ ኲንታልም ጊምሊ በሚባል ስፍራ የነበረውን የቀድሞ የጦር አየር ማረፊያ ያውቀው ስለ ነበረ፣ ወደዚያ አዞሩት። ማረፊያው በዚያ ቀን የመኪና እሽቅድምድም ሲደረግበት ውሏል። አውሮፕላኑ ድምፅ ሳያሰማ ወረደ፤ የፊት እግሩ ታጥፎ በአፍንጫው እየተፋቀ ቆመ። ማንም አልሞተም።

ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የኃይሉ ፓውንድ ተራውን ጠበቀ። ናሳ ወደ ማርስ የላከው መንኰራኵር በጕዞው ላይ አነስተኛ ሞተሮቹን በተኮሰ ቍጥር፣ የግፊቱ መጠን በምድር ላይ እየተሰላ መንገዱን ለሚከታተሉት ይተላለፍ ነበረ። አንዱ ወገን በፓውንድ ጻፈ፤ ሌላው በኒውተን አነበበ። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ግፊት ከእውነተኛው በ4.45 እጅ ያነሰ ሆኖ ተቈጠረ። ከማርስ በላይ በ226 ኪሎ ሜትር ያልፋል የተባለው መንኰራኵር ወደ 57 ኪሎ ሜትር ወረደ፤ በሴፕቴምበር 23 ቀን 1999ም ድምፁ ጠፋ። መርማሪዎቹ ባወጡት ዘገባ እንደ ተገለጸው፣ መንገዱ መዛባቱን አስቀድመው የተጠራጠሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ጥርጣሬአቸው በደንቡ መሠረት ተመዝግቦ ለሚመለከተው ክፍል አልቀረበም።