የመጀመሪያዎቹ ሺህ ቀናት
ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ያለው፣ አንጎልና የሰውነት ክፍሎች መሠረታቸውን የሚይዙበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944–45 ክረምት ኔዘርላንድስ በተራበች ጊዜ በማህፀን የነበሩ ልጆች፣ ኋላ ጠግበው ቢያድጉም፣ እንደየፅንሱ ዕድሜ በጉልምስናቸው ለስኳር ወይም ለልብ ሕመም ይበልጥ ተጋልጠው ተገኝተዋል። ጉዳቱ ያኔውኑ በዓይን ስለማይታይ ማኅበረሰቡን ማስገንዘብ ከሕክምናው እኩል ይመዝናል። በኢትዮጵያም መቀንጨርን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ2015 የሰቆጣ ቃል ኪዳን ታውጇል። «ችግሩ ድህነት እንጂ አለማወቅ አይደለም» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው፣ ባዶ ጓዳ በምክር አይሞላም። ሆኖም እንገር ታልቦ ሲደፋ፣ አራስ ሕፃን ቅቤ ሲልስ፣ ስድስት ወር የሞላው ልጅ በቀጭን አጥሚት ብቻ ሲያድር የሚጎድለው ሁልጊዜ ገንዘብ አይደለም። ምክሩ ለእናት ብቻ ከተነገረ ደግሞ ብዙ አይራመድም፤ አራስ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታዘው አያት ናት፣ እንቁላሉ ይሸጥ ወይስ ለልጁ ይቀቀል የሚለውም የቤተሰቡ ሁሉ ውሳኔ ነው።