ክረምት በአርሶ አደሩ ታሪክ፤ ደስታውና ፈተናው

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ወቅት ነው። ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ በእነዚህ ወራት ደጋውንና ወይናደጋውን ያረሰርሳል። ከአገሪቱ የሰብል ምርት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚገኘው በዚህ ዝናብ ከሚበቅለው የመኸር እህል ነው። በመሆኑም የአርሶ አደሩ ታሪክ በአብዛኛው የክረምቱ ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የክረምቱ ደስታ

ክረምት ሲገባ መስኩ ይለመልማል፣ በሬው ሣር ይጠግባል፣ ላሟ ወተት ትጨምራለች። እርሻውና አረሙ በደቦ፣ በጂጊና በወንፈል ይሠራል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ጠምዶ ያርሳል። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲደርስ እረኞች ጅራፍ ያጮኻሉ፣ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ። ቀድሞ የተዘራው በቆሎ እሸት ሲደርስ ቤቱ እፎይ ይላል፤ አደይ አበባም አዲሱን ዓመት ያበሥራል።

የክረምቱ ፈተና

ይሁን እንጂ ሐምሌና ነሐሴ ሥራው የሚበዛባቸው፣ ጎተራው ደግሞ የሚጎድልባቸው ወራት ናቸው። ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ታማሚን ወደ ሕክምና ማድረስ ያስቸግራል። በረዶ፣ ዋግና ተምች የደረሰን ሰብል በአጭር ጊዜ ያጠፋሉ። በጥቁር አፈር ላይ ውኃ ስለሚተኛ የሰሜን ሸዋዋ እነዋሪ ገበሬዎች አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ መደብና ቦይ በማውጣት ውኃውን ያጠነፍፉ ነበር። ሌላው ሰብል በጠፋበት ዓመት ዝናቡ ሲያበቃ በቀረው እርጥበት የሚበቅለው ጓያ የብዙ ቤተሰብ ምግብ ሆኗል። ጓያ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግርን ሽባ ስለሚያደርግ፣ ከረሃቡ የተረፉ ብዙዎች አካል ጉዳተኛ ሆነው ቀርተዋል።

ከክፉ ቀን እስከ ኮታ

በ1880 ዓ.ም. የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው። እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን ዝናብ በጣለበት ሥፍራ እንኳ የሚጠመድ በሬ ባለመኖሩ መሬቱ ጦሙን አደረ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ እንደሆኑ ታሪክ መዝግቦታል። ከዚያም በኋላ ጭሰኛው ከምርቱ ለባለመሬት እያካፈለ፣ ክረምት ሲመጣ ለዘርና ለቀለብ በአራጣ እየተበደረ ኖረ።

የእርሻ ኅብረት ሥራ ማኅበራትን የሚመለከተው የመጀመሪያው ሕግ በ1953 ዓ.ም. ድንጋጌ ቁጥር 44 ሆኖ ወጣ፤ በ1958 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 241 ተከተለ። አብዛኛው ጭሰኛ ግን የዕድሉ ተካፋይ አልነበረም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ የ1970ው አዋጅ ቁጥር 138 ማኅበራትን አስፋፋ። ሆኖም ማኅበራቱ በአባላት ፈቃድ ሳይሆን በመንግሥት መመሪያ የሚሄዱ ሆኑ። አርሶ አደሩ እህሉን በተተመነ ዝቅተኛ ዋጋ በኮታ እንዲያስረክብ ተገደደ፤ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ የገዛም ነበር። ዝናብ በጠፋበት በ1977 ዓ.ም. በተከሰተው ረሃብ ብዙ ሕዝብ አለቀ። የኮታው አሠራር የቀረው በ1982 ዓ.ም. በታወጀው የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ነው።

ጥሩ ክረምትም ሲጎዳ

በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 85፣ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 147 ወጡ። በእነዚህም ማኅበራት በአባላት ፈቃድ ላይ የሚመሠረቱበትና በዩኒየን የሚደራጁበት መንገድ ተከፈተ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሁሉንም ያስተማረ ነገር ደረሰ። ክረምቱ አምሮ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ምርቱ የተትረፈረፈ ቢሆንም የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈለው እህል በሚረክስበት የአጨዳ ወቅት በመሆኑ ብዙዎች ምርታቸውን በርካሽ ሸጠው ዕዳ ከፈሉ፤ በቀጣዩ ዓመትም የማዳበሪያ አጠቃቀማቸውን ቀነሱ። በ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ሲያጥር ግን የተትረፈረፈው እህል ከእጅ ወጥቶ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ።

ከዚህ እንደምንረዳው ገበሬውን የሚጎዳው የዝናብ ማጠር ብቻ አይደለም። በጥጋብ ዓመት እህሉን የሚያቆይበት መጋዘን፣ ዋጋ እስኪሻሻል የሚታገሥበት ገንዘብ አለመኖሩም ነው። ዩኒየኖች ከአባላት እህል እየገዙ ማከማቸታቸው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ማቅረባቸው፣ ከትርፉም ለአባላት ማካፈላቸው መልስ የሚሰጠው ለዚህ ችግር ነው። በኤልኒኖ ምክንያት የ2007 ዓ.ም. ክረምት ሲዛባና በ2008 ዓ.ም. የተረጂው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ሲደርስ፣ ችግሩ ገና ያላለቀ መሆኑ ታይቷል።

ዝናቡን ማዘዝ የማንም ሥልጣን አይደለም። ማዳበሪያው ከሰኔ በፊት ቀበሌ መድረሱ፣ መጋዘኑ እንዳያፈስ መጠገኑ፣ ሒሳቡ በየጊዜው ተመርምሮ ለጠቅላላ ጉባኤ መቅረቡ ግን በአባላት፣ በሥራ አመራር ኮሚቴዎችና በየደረጃው ባሉ ኃላፊዎች እጅ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ብሂል የሚፈተነው በበዓል ቀን ሳይሆን፣ ጎተራው በሚጎድልበት በሐምሌ ወር ነው።