ስለ ሾላ ወተት ታሪክ

ሾላ የዛፍ ስም ነው፤ ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታችንን ለማየት የወጣበት ዛፍ በመጽሐፍ በዚሁ ስም ይጠራል። በአዲስ አበባ ግን ሾላ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የየካውን ገበያና ወተቱን ነው።

ወተትን በፋብሪካ እያዘጋጁ መሸጥ በአገራችን የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. ነው (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው)። በዚያ ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 የፍሪዢያንና የብራውን ስዊስ ከብት ለኢትዮጵያ ሰጠ፤ በከተማውም አንድ ትንሽ የወተት ማዘጋጃ ቆመ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የሙከራ ፋብሪካ አቋቋመ። እንግዲህ የዚህ ሥራ መነሻው ትርፍ ሳይሆን የሕፃናት ጤና መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

በ1971 ዓ.ም. የወተት ልማት ድርጅት ተመሠረተ። ከአብዮቱ በኋላ በከተማው ዙሪያ የነበሩት የባለጸጎች የከብት እርሻዎች ተወረሱ፤ በ1979 ዓ.ም.ም እርሻውና ፋብሪካው በአንድ የመንግሥት ድርጅት ሥር ተጠቃለሉ። ባለቤት የሌለው ከብት ምን ያህል እንደሚታለብ እረኛ ሁሉ ያውቀዋልና፣ ፋብሪካው ወተት ማጣቱ አያስደንቅም።

የዚህ ሥራ ጭንቅ ግን ሌላ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾም ሲጨመሩበት ለካህን የጾሙ ቀን ከዓመቱ እኩሌታ ያልፋል። ላም ግን አትጾምም። ገበሬው በሁዳዴም ማለዳ ወተቱን ተሸክሞ ይመጣል፤ ከተማው አይጠጣውም። ፋብሪካው ቅቤና አይብ ቢያደርገው እንኳ ማስቀመጫው ልክ አለው። ስለዚህ ወተቱን መቀበል ወይም መመለስ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የተመለሰበት ገበሬ ላሟን በምን ይመግባት?

በ1990ዎቹ ዓመታት የግል ወተት ፋብሪካ በሰበታ ተነሣ፤ በ1994 ዓ.ም. የመንግሥትን ድርጅቶች ወደ ግል የሚያዛውር መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ነበር። የሾላውም ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ለሚድሮክ ወገን ተሸጠና ላሜ ዴይሪ ተባለ። ላሜ ማለት የእኔ ላም ማለት ነው፤ የማን እንደሆነች ግን ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ወተቱ በአዲሱ ባለቤትም ሥር ሾላ ተብሎ ተሸጠ።

ለገበሬው የሚሸጥበት በር በዛለት፤ በየበሩም ዋጋ ጠየቀ። ሁዳዴ ሲገባ ግን በሮቹ ሁሉ ይጠብባሉ፤ ያን ጊዜ ባለቤቲቱ ወተቱን አርግታ፣ በቅል ንጣ፣ ቅቤውን ለፋሲካ ታኖራለች።